ፖታሲየም ሶርቤት ለእንጀራ፦ ገዝቼ ሞከርኩት

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ የሲልቨር ስፕሪንግ የሐምሌ ወበቅ አይጣል ነው። እንጀራ ውጭ ከዋለ ሦስት ቀን ሳይሞላው አይኖቹ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ጣል ጣል ያደርጋል። ፍሪጅ ሲገባ ደግሞ ይደርቃል። ለዚህ ነው ፖታሲየም ሶርቤት የተባለውን ሻጋታ የሚከላከል የምግብ ማቆያ ያዘዝኩት። የታሸገ ምግብ ላይ ስሙን አይታችሁት ይሆናል፤ አውሮፓ ውስጥ ኢ202 ተብሎ ይጻፋል።

የመጣልኝ ነጭ፣ እንደ ሩዝ ስባሪ ደቀቅ ያለ ነው። በዱቄት መልክ የሚሸጠው ሲከፈት ይበናል፣ ያስነጥሳል፤ ይሄኛው አያስቸግርም። ውሃ ውስጥ ወዲያው ይሟሟል። ቀደም ሲል ከሌላ ሻጭ የመጣው ወደ ቢጫ ያደላ ነበር። አየርና ብርሃን ሲያገኘው እንደዚያ ይሆናል፤ አትቀበሉ።

ዋናው ነገር አጨማመሩ ላይ ነው። ሻጋታን ብቻ ሳይሆን እርሾንም ያዳክማል። ሊጥ ስታቦኩ ከጨመራችሁት ቡኮው ይለግማል። እኔ አብሲቱ ገብቶ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ሲግል ነው በትንሽ ውሃ አሟሙቼ የምጨምረው። ለሚቀጥለው ቡኮ የሚሆነውን እርሾ ግን አስቀድሜ እቀዳለሁ! ልኬ ለ10 ኪሎ ሊጥ 10 ግራም ነው። በማንኪያ ግምት አይሆንም፤ ሲበዛ ጣዕሙን ያበላሻል።

ጉልበት የሚያገኘው ኮምጠጥ ያለ ነገር ውስጥ ነው። በደንብ የቦካ የጤፍ ሊጥ ስለዚህ ይስማማዋል። በጋዝ ውሃ ተበጥብጦ እዚያው ለሚጋገረው ግን አልመክረውም።

ውጤቱ አስደስቶኛል። እንጀራዬ ሳይሻግት ሳምንት ይደፍናል፣ ጣዕሙም አልተለወጠም። መድረቁን ግን አያስቀረውም። የሻገተውንም አያድነውም። እንጀራው ሰፌድ ላይ በደንብ ሳይበርድ ላስቲክ ውስጥ ከገባ፣ ላቡ ላስቲኩ ላይ ይንጠባጠብና ድካማችሁ ከንቱ ይቀራል።

አንዳንድ ሻጭ «ከፍሬ የወጣ ተፈጥሯዊ» እያለ ይሸጠዋል። እውነት ነው፣ የፖታሲየም ሶርቤት መሠረት የሆነውን ሶርቢክ አሲድን ጀርመናዊው ኬሚስት ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1859 ያገኘው ከዛፍ ፍሬ ዘይት ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ግን ፋብሪካ የሚሠራው ነው። ለዚህ ብላችሁ ተጨማሪ ዶላር አትክፈሉ።

በሁለት ቀን ለሚያልቅ የቤት እንጀራ አያስፈልግም። ለሽያጭ የምትጋግሩ ከሆነ ግን ስሙን ላስቲኩ ላይ ጻፉት። የሚገዛው ሰው ለልጁ የሚያበላውን የማወቅ መብት አለው።