ራሱን ለሚነቀንቅ ፈረስ የአፍንጫ መረብ፦ ከውጭ የሚመጣው ወይስ ባሕር ዳር የሚሰፋው?

ፈረሱ በነርቭ ሕመም ራሱን የሚነቀንቅበት ሰው ገንዘቡን ከመድኃኒት በፊት በአፍንጫ መረብ ላይ ያውጣ። ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ አንዱ አውሮፓ ተሠርቶ የሚመጣው፣ ሌላው ባሕር ዳር የጋሪ ፈረስ ዕቃ በሚሰፉ ባለሙያዎች ዘንድ በትዕዛዝ የሚሰፋው። እኛ የምንመርጠው እዚሁ የሚሰፋውን ነው፤ ልኩና ጨርቁ ከተስተካከለ።

ሕመሙ የሚነሣው የፊትን ስሜት ከሚሸከመው አምስተኛው የራስ ነርቭ፣ ትራይጀሚናል ከሚባለው ነው። ነርቩ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጉዳት አይገኝበትም፤ ነገር ግን ጤነኛ ፈረስ በማይሰማው ትንሽ ነገር ይነሣሣል። ፀሐይ፣ ነፋስ፣ አቧራ ወይም የዝናብ ጠብታ ይበቃዋል። ፈረሱ ንብ አፍንጫው ላይ የነደፈችው ይመስል በድንገት ራሱን ወደ ታችና ወደ ላይ ይወረውራል፤ ያስነጥሳል፣ አፍንጫውን በፊት እግሩ ወይም በመሬት ያሻል፣ ሶምሶማ ሲጀምር ይብስበታል። ይህ የሕመም ምልክት እንጂ እልህ አይደለም። አለንጋ ማንሣትም ሆነ ራሱን በገመድ ወደ ታች ማሰር ስቃዩን ከመጨመር በቀር የሚያመጣው የለም።

መረቡ የሚሠራው አቧራ በማጣራት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የላይኛውን ከንፈርና የአፍንጫውን ጫፍ ሳያቋርጥ በስሱ ይነካል፤ ይህ የማያቋርጥ ንክኪ በዚያው ነርቭ የሚሄደውን የሕመም ስሜት ያዳክመዋል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ከንፈሩን የማይነካ መረብ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሥራውን አልሠራም። በ2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንግሊዝ አገር ታትሞ በወጣ ሙከራ ሦስት ዓይነት መረቦች በባለቤቶቹ እጅ ተፈትነው ነበር። ከባለቤቶቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ለውጥ አየን አሉ፤ 70 በመቶና ከዚያ በላይ መሻሻል ያዩት ግን 30 በመቶ ገደማ ናቸው። እንግዲህ መረቡ ብዙ ፈረስ ያሳርፋል፣ ጥቂቱን ብቻ ከሞላ ጎደል ይገላግላል። ሙሉውን አፍ የሚያጠልቀው መረብ ግድ አይደለም፤ አፍንጫውንና የላይኛውን ከንፈር ብቻ የሚሸፍነው ግማሽ መረብ ይበቃል፤ ልጓምና ውኃ መጠጣትንም አይከለክልም።

ከውጭ የሚመጣው ስፌቱ ንጹሕ ነው፣ ጨርቁም ልስልስ። ችግሩ ልኩ ላይ ነው። ለትልልቅ የአውሮፓ ፈረሶች የተሠራው ትልቁ ቁጥር ለኛ ፈረስ ሰፊ ስለሚሆን ወደ አፍ ይንሸራተትና ፈረሱ ያኝከዋል፤ ሲሮጥም ይርገበገባል። የሚርገበገብ መረብ ራሱ ቀስቃሽ ይሆናል። ማግኘት ካለባችሁ ትንሹን፣ ፖኒ የሚባለውን ቁጥር ጠይቁ። ሌላው ደግሞ ለቆዳ የአፍንጫ ማሰሪያ የታሰበ በመሆኑ ብዙ ባለጋሪ በሚጠቀምበት የገመድ ማሰሪያ ላይ አጥብቆ የሚይዝበት ቦታ የለውም።

እዚህ ስታሰፉ የቬሎ ቱል አምጡ። ነጠላ ይሁን እንጂ አይደረብ፤ በራሳችሁ አፍ ላይ አድርጋችሁ ስትተነፍሱ ምንም ሊከብዳችሁ አይገባም። የመስኮት ወንፊት ጠርዙ ቆዳ ይቧጭራል። አጎበርማ ፈጽሞ አትቁረጡ። ለወባ የሚታደለው አጎበር በፓይሬትሮይድ የተነከረ ነው፤ ይህ መድኃኒት የሰውን የፊት ቆዳ እንኳ የመውረርና የማቃጠል ስሜት ያመጣበታል፤ ነርቩ ለታመመ ፈረስ አፍንጫ ላይ ማሰር ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። በዚያ ላይ የቤተሰብ ነው።

የአፍንጫ ማሰሪያው ከአፍንጫ ቀዳዳዎቹ በላይ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይረፍ፤ ዝቅ ካለ ለስላሳውን ክፍል ተጭኖ ትንፋሽ ያሳጥራል። በሥሩም ሁለት ጣት በቀላሉ ይግባ። ዙሪያውን በሜትር ለክታችሁ፣ መረቡ ከማሰሪያው ፊትና ጎን ወርዶ የላይኛውን ከንፈር ጫፍ 1 ወይም 2 ሳንቲሜትር እንዲያልፍ አድርጉ። የታችኛው ጠርዝ ላይ ቀጭንና ልል ላስቲክ ይግባበት፤ ከንፈሩን እንዲነካ እንጂ እንዲያንቅ አይደለም። ማያያዣው ቬልክሮ ይሁን። በክር የተሰፋ ወይም የተቋጠረ መረብ በአጥር ወይም በጋሪው ብረት ሲያዝ ፈረሱ ይደነግጣል፤ ቬልክሮ ግን ይላቀቃል። ጉዳቱ ፀጉርና አቧራ ሲሞላው መያዝ መተዉ ነው፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽዱት።

ይህ ሁሉ ግን ምርመራ ከተደረገ በኋላ ነው። ራስ መነቅነቅ ከሻካራ ብረት ልጓም፣ ከሾለ ጥርስ፣ ከጆሮ መዥገር፣ ከዓይን ሕመም፣ ከአፍንጫ ውስጥ ቁስልም ይመጣል፤ እነዚህን መረብ አያድናቸውም። ፈረሱን ያለ ልጓም በገመድ ብቻ ሶምሶማ አስኪዱት። ያኔ መነቅነቁን ከተወ መጀመሪያ የሚመረመረው አፉ ነው። የእንስሳት ሐኪም ደግሞ ነርቩን በማደንዘዣ መርፌ ዘግቶ ነቅናቄው መቀነሱን ማየት ይችላል።

መረቡ መሥራቱን በዓይን ግምት አትወስኑ፤ ባለቤት ተስፋ ስላለው ብቻ የሌለ ለውጥ ያያል። በስልክ ቅረጹ፦ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ሰዓት፣ ለተመሳሳይ ደቂቃ፣ አንዴ ያለ መረብ አንዴ በመረብ፤ ከዚያ ነቅናቄውን ቁጠሩ። ይህን በተለያየ ቀን ድገሙት። አውሮፓ ሕመሙ በብዛት በጸደይና በበጋ ይነሣል፤ ባሕር ዳር ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም ስለማይበልጥ የእነርሱን የወር አቆጣጠር መከተል አይጠቅምም። አቧራውን፣ ነፋሱንና ከጣና ውኃ ላይ የሚያንጸባርቀውን ፀሐይ መዝግቡ። በጨለማ በረት ውስጥ ሲሆን መነቅነቁ የሚቀንስለት ፈረስ ቀስቃሹ ብርሃን ሊሆን ይችላል፤ ለእርሱ የዓይን ጥላ ይጨመርለት፣ ሥራውም ወደ ማለዳና ወደ ማታ ይዛወር።

ስለ ክኒኖች ለሚጠይቁ፦ ሳይፕሮሄፕታዲን በኪሎ 0.3 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ይሰጣል። ለ220 ኪሎ ፈረስ 66 ሚሊግራም፣ ማለትም ባለ 4 ሚሊግራሙ ክኒን 16 ተኩል በአንድ ጊዜ መሆኑ ነው፤ ውጤቱም ከፈረስ ፈረስ ይለያያል። ያለ ሐኪም አይሞከርም። ነርቩን መቁረጥማ ውጤቱ ደካማ ስለሆነና ፈረሱ ፊቱን እስኪያቆስል ስለሚያሻ የተተወ ነገር ነው።

ለባሕር ዳሩ ስፌት ከ5 ኮከብ 4 እንሰጣለን፤ አንዱን የቀነስነው ሰፊዎች ሳይለኩ በግምት ስለሚቆርጡ ነው፤ ፈረሱን ይዛችሁ ሂዱ። ከውጭ የሚመጣው 2 ይበቃዋል። ሁለት መረብ በአንዴ እዘዙ፣ በየማታው አንዱን በሳሙና አጥባችሁ በደንብ አለቅልቁ፤ ፈረሱ ሲበላ አውልቁለት። ለሌላ ፈረስም አታውሱ፦ የጋሪ ፈረሶችን በእብጠትና በመግል የሚያሠቃየው የሊምፍ ቧንቧ በሽታ በጋራ በሚለበስ ዕቃ ይተላለፋል።