የሽጉጥ ፈቃድ ክላስ ወሰድኩ፣ ልጄ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ስለሚማር (ሪቪው ለሀበሻ ወላጆች)

ሰላም ለሁላችሁ። ዳላስና አካባቢው ያላችሁ ወላጆች፣ በተለይ ልጆቻችሁን ኦስቲን፣ አርሊንግተን፣ ዴንተን ምናምን የመንግስት ዩኒቨርሲቲ ያስገባችሁ ይሄን አንብቡልኝ። ባለፈው ወር የቴክሳስን ሽጉጥ የመያዝ ፈቃድ ክላስ ወስጄ ጨረስኩ፣ ኤል ቲ ሲ የሚሉት ማለት ነው፣ እና ያየሁትን ጥሩውንም መጥፎውንም ልንገራችሁ ብዬ ነው። የቦታውን ስም አልጠራም ምክንያቱም የምወቅሰው ነገር አለኝ፣ ደግሞ ምን መማር እንዳለብን የሚወስነው ስቴቱ ስለሆነ የትም ብትሄዱ ብዙ አይለያይም።

እንዴት እዚህ ውስጥ ገባሽ ካላችሁኝ፣ ልጄ ኦስቲን 2ኛ ዓመት ነው፣ 20 ዓመቱ። ለታንክስጊቪንግ መጥቶ እራት እየበላን "ማሚ ፈቃድ ላወጣ ነው" አለኝ። የምን ፈቃድ ስለው የሽጉጥ። እንጀራው እጄ ላይ ቀረ። ጓደኛው ማታ ወደ አፓርታማው ሲሄድ መንገድ ላይ ስልኩን ቀምተውታል ለካ፣ ልጄ ደግሞ በየቀኑ ላይብረሪ የሚያመሽ ልጅ ነው። እኔ የተማርኩት ስድስት ኪሎ ነው፣ በር ላይ መታወቂያ አሳይተን፣ ቦርሳችን ተከፍቶ ተፈትሾ ነበር የምንገባው። ካምፓስ ውስጥ ሽጉጥ ያየሁት ፖሊስ ወገብ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም የታየ ቀን ጥሩ ቀን አልነበረም። ስለዚ ልጄ ሂሳብ የሚማርበት ክፍል ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ በህግ ተፈቅዶለት ሽጉጥ ታጥቆ ሊሆን ይችላል የሚለውን ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር ብል ታምኑኛላችሁ? ሰባት ዓመት ቴክሳስ ኖሬ! አይሆንም ብዬ ከመጮሄ በፊት ህጉ ምን እንደሚል ልወቅ አልኩና እራሴ ተመዘገብኩ።

ክላሱ ከ4 እስከ 6 ሰዓት የሚፈጅ ትምህርት ነው፣ የኛ ወደ 5 ሰዓት ገደማ ፈጀ፣ ከዛ ፅሁፍ ፈተና፣ ከዛ ተኩስ። ለክላሱ 75 ዶላር ከፈልኩ፣ የሽጉጥ ኪራይና ጥይት ለብቻው። ለስቴቱ የማመልከቻ ደግሞ 40 ዶላር ነው፣ ድሮ 140 ነበር በ2017 ነው የቀነሱት። አሻራም ትሰጣላችሁ፣ እሱ ሌላ ክፍያ አለው። ኦንላይን መውሰድም ይቻላል፣ ለተኩሱ ግን ሄዳችሁ መተኮስ አለባችሁ። እኔ እንግሊዝኛው እንዳያመልጠኝ ብዬ በአካል ነው የወሰድኩት፣ ጥሩ አደረግኩ፣ ምክንያቱም እጄን እያወጣሁ ስጠይቅ ነው የዋልኩት።

አስተማሪው በጣም ታጋሽ ሰው ነው፣ እግዜር ይስጠው። 15 ሰው ነበርን፣ ሴቶች 6፣ ሀበሻ እኔ ብቻ። ስለ አያያዝ ሲያስተምር ጣት ምላጭ ላይ እንዳይሄድ፣ አፈ ሙዙ ሰው ላይ እንዳይዞር፣ ባዶ ነው የተባለ ሽጉጥ እንኳን እንደጎረሰ ቆጥራችሁ ያዙት እያለ ደጋግሞ ደጋግሞ ነው የነገረን። እቤት ልጆች ካሉ እንዴት እንደሚቆለፍም አሳየን። ይሄ ክፍል ብቻውን ገንዘቡን ያወጣል። ስንቱ የኛ ሰው ሊከር ስቶርና ጋዝ ስቴሽን ስለሚሰራ ካውንተር ስር ሽጉጥ አስቀምጦ፣ ማታ ይዞት ገብቶ ኮመዲኖ ላይ ጣል አድርጎት እንደሚተኛ አውቃለሁ። እባካችሁ።

ተኩሱ 50 ጥይት ነው። 20 ከ3 ያርድ፣ 20 ከ7 ያርድ፣ 10 ደግሞ ከ15 ያርድ። ሙሉው 250 ነጥብ ነው፣ ለማለፍ 175 ይበቃል። ጆሮዬን ሸፍኜ እንኳን የጎረቤቴ ተኩስ ደረቴ ውስጥ ይሰማኝ ነበር፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የተኮስኩት። 221 አመጣሁ። 3 ያርድ ማለት ግን ከሳሎን ሶፋ እስከ ቲቪ ያለው ርቀት ነው፣ ያውም ኢላማው ቆሞ ይጠብቃችኋል፣ ማንም አይጮህም፣ ማንም አይሮጥም። ስለዚ አንድ የ20 ዓመት ልጅ ይሄን አለፈ ማለት 200 ተማሪ በሚሯሯጥበት አዳራሽ ውስጥ ተኩሶ ሰው ያድናል ማለት አይደለም። ይሄን ለአስተማሪው ስጠይቀው እሱም አልተከራከረኝም፣ ፈቃዱ መነሻ ነው ከዛ በኋላ ልምምድ ነው አለኝ።

የህጉ ክፍል ላይ ብዙ ተምሬያለሁ። ለምሳሌ ሽጉጥ ይዘሽ ፖሊስ አስቁሞ መታወቂያ ከጠየቀሽ መንጃ ፈቃዱን ከሽጉጥ ፈቃዱ ጋር አብረሽ ማሳየት አለብሽ። ሌላው የማስታወቂያው ነገር ነው። 30.06 የሚባል ፅሁፍ አለ፣ ቁጥሩ ከህጉ አንቀፅ የመጣ ነው፣ ፈቃድ ያለው ሰው ደብቆም ቢሆን ሽጉጥ ይዞ እንዳይገባ የሚከለክል። ፊደሉ ቢያንስ 1 ኢንች ሆኖ፣ ህጉ ያስቀመጠው ቃል ሳይቀየር፣ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ መፃፍ አለበት። ታዲያ ሬስቶራንታችንና ቤተክርስቲያናችን በር ላይ በአማርኛ ፅፈን የለጠፍነው ወረቀት ፈቃድ ላለው ሰው በህግ አይቆጠርም ማለት ነው፣ ወይ ትክክለኛውን ምልክት መስቀል ወይ ሰውየውን በቃል መንገር ነው። የቤተክርስቲያን ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ይሄን ነገር እዩት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የሄድኩት ስለ ዩኒቨርሲቲ ለማወቅ ነው፣ እና ካምፓስን የሚመለከተው ነገር ከ5 ሰዓት ውስጥ አስር ደቂቃ አልሞላም። ያውም "ካምፓስ ኬሪ አለ፣ ፈቃድ ካላችሁ ትገባላችሁ" ብሎ (ካምፓስ ኬሪ የሚሉት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሽጉጥ መያዝን ነው) ሊያልፈው ሲል ዶርምስ ብዬ ጠየቅኩት፣ "እሱ ትምህርት ቤቱ ይወስናል፣ ዌብሳይታቸውን እዩ" አለኝ። ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች ነበሩ፣ ያቺን አስር ደቂቃ ሰምተው ነው የሄዱት። ፌሎኒ፣ ማለትም ከባድ ወንጀል ውስጥ ሊገቡ እኮ ይችላሉ!

ስለዚ እቤት ገብቼ ከልጄ ጋር በስልክ እየተነጋገርን ህጉንም የዩኒቨርሲቲውን ደንብም እያወጣን አነበብን፣ አስተማሪው ሊነግረን ይገባ የነበረውን እኔ ልንገራችሁ። ህጉ ኤስ ቢ 11 ይባላል፣ ገዢው ግሬግ አቦት በሰኔ 2015 ነው የፈረመው። በአራት ዓመት የመንግስት ዩኒቨርሲቲዎች ስራ ላይ የዋለው ኦገስት 1፣ 2016 ነው፣ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ላይ ደግሞ ከአንድ ዓመት በኋላ። ያ ቀን ኦስቲን ውስጥ ምን ቀን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ልክ 50 ዓመት በፊት ኦገስት 1፣ 1966 አንድ ተማሪ የዩኒቨርሲቲው ታወር 28ኛ ፎቅ ላይ ወጥቶ ታች የሚሄደውን ሰው እየለየ የተኮሰበት ቀን ነው፣ ከሞቱት ሌላ ከ30 በላይ ሰው ቆስሏል። ልጄ በየቀኑ በዛ ታወር ስር ነው የሚያልፈው። ቀኑ አጋጣሚ ይሁን አይሁን እኔ አልገባም፣ እንደ እናት ግን ሳነበው አለቀስኩ።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ካምፓስ ህንፃ ውስጥ ሽጉጥ መያዝ የሚችለው ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ነው፣ ያውም ደብቆ። ከ2021 ጀምሮ ቴክሳስ ውስጥ 21 ዓመት የሞላው ሰው ያለፈቃድ መያዝ ይችላል የሚለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል፣ ያ ህግ ካምፓስ ውስጥ አይሰራም። ያለፈቃድ ይዞ የተገኘ 3ኛ ዲግሪ ፌሎኒ ነው፣ ከ2 እስከ 10 ዓመት እስር። ፈቃድ ኖሮት ደግሞ ሆን ብሎ ሰው እንዲያየው ካደረገ፣ ለጓደኛ ላሳይህ ብሎ እንኳን፣ ክላስ ኤ ሚስዲሚነር ነው፣ ከፌሎኒ ቀለል ያለ ወንጀል ማለት ነው፣ እስከ አንድ ዓመት እስር ያመጣል። ዕድሜው ድሮ 21 ነበር፣ በ2022 የፌደራል ፍርድ ቤት ከ18 እስከ 20 ያሉትን መከልከል አይቻልም ብሎ ስለወሰነ ነው የኔ ልጅ በ20 ዓመቱ ላወጣ ነው ያለኝ። እኔ ገና ነው ብዬው ልከራከር አስቤ ነበር፣ ያኛው በር ተዘግቷል።

ዩኒቨርሲቲው ሙሉ በሙሉ መከልከል አይችልም፣ የተወሰኑ ቦታዎችን ግን ይከለክላል። ኦስቲን ላይ ቲኬት የሚቆረጥባቸው የስፖርት ውድድሮች፣ ህመምተኛ የሚታከምባቸው ቦታዎች፣ አደገኛ ኬሚካል ያለባቸው ላቦች ክልክል ናቸው። የራሱ ብቻ ቢሮ ያለው ፕሮፌሰር ቢሮዬ አይገባም ማለት ይችላል፣ ግን በቃል መናገር አለበት። ክፍል ውስጥ ግን መከልከል አይችልም። ሶስት ፕሮፌሰሮች ለዚህ ከሰው ነበር፣ ተማሪ ተከራክሮ ሀሳቡን በነፃነት መናገር ይፈራል ብለው፣ በ2018 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገው። ክሳቸው ቢወድቅም እኔ የነሱ ነገር ይገባኛል። ማታ ማታ ክፍል ውስጥ ውጤቱን አይቶ የተናደደ ልጅ ፊት ቆሞ ማስረዳት ምን እንደሚመስል አስባለሁ። የግል ዩኒቨርሲቲዎች ምርጫ ስለተሰጣቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም አንፈልግም ብለዋል።

ዶርም ደግሞ እዚህ ነው ነገሩ። ኦስቲን ላይ ዶርም ውስጥ የሚኖር ተማሪ ፈቃድ ቢኖረውም ክፍሉ ውስጥ ሽጉጥ ማስቀመጥ አይችልም። ሊጠይቀው የመጣ ቤተሰብ ግን ፈቃድ ካለው ይዞ መግባት ይችላል። ማለትም እኔ ምሳ ቋጥሬ ልጠይቀው ስሄድ እችላለሁ፣ እዛ የሚኖረው ልጄ አይችልም። ፈቃድ ያለው ተማሪ መኪናው ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ ግን በ2013 በወጣ ህግ ተፈቅዷል። ይሄን ሁሉ ክላሱ ውስጥ አንድ ገፅ ወረቀት አድርገው ቢሰጡን ምን ነበረበት?

ሌላ በጣም የምለምናችሁ ነገር፣ ከሀገር ቤት በተማሪ ቪዛ የመጡ ልጆች ካሏችሁ ንገሯቸው። ኤፍ ዋን ላይ ያለ ሰው የፌደራል ህጉ ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር ሽጉጥ መያዝ ጭራሽ ይከለክለዋል፣ ሬንጅ (የተኩስ ልምምድ ቦታ) ሄዶ ተከራይቶ መተኮስ እንኳን ችግር ውስጥ ሊከተው ይችላል። ሩምሜቱ "ና ቅዳሜ እንተኩስ" ሲለው ጨዋታ መስሎት ነው የሚሄደው። ግሪን ካርድ ያለው ፈቃድ ማውጣት ይችላል፣ ግን በጦር መሳሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ዲፖርት ሊያስደርገው ይችላል። ሲቲዝን የሆነው የአሜሪካ ጓደኛው ቅጣት ከፍሎ የሚወጣበት ነገር እሱን ከሀገር ያስወጣዋል። ይሄም ክላሱ ውስጥ አልተነሳም፣ ጠይቄም "ጠበቃ አማክሪ" ነው የተባልኩት። የምታማክሩት ደግሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይሁን፣ የዚህ ዓይነቱን ነገር እነሱ ናቸው የሚያውቁት።

ከአምስት ኮከብ ስንት ትሰጫለሽ ካላችሁ፣ ለአያያዝና ለደህንነቱ 5፣ ለጠቅላላ ህጉ 4፣ ለካምፓሱ 1። በጥቅሉ 3 ተኩል ብዬዋለሁ። ሽጉጥ መግዛት ባትፈልጉም ውሰዱት እላለሁ፣ እኔ አልገዛሁም፣ የመግዛት ሀሳብም የለኝም። ልጁ የሚያውቀውን ነገር እናት ካላወቀች ክርክሩ ጩኸት ብቻ ነው የሚሆነው፣ እኔና ልጄ አሁን አንቀፅ እየጠቀስን ነው የምንከራከረው። ከመሄዳችሁ በፊት ግን የልጃችሁን ዩኒቨርሲቲ የካምፓስ ኬሪ ደንብ ፕሪንት አድርጋችሁ ያዙ፣ አስተማሪው ፊት አስቀምጡና መስመር በመስመር ጠይቁት። ሌላ ስቴት ያላችሁ ደግሞ የኔን ቴክሳስ ይዛችሁ እንዳትሳሳቱ፣ ጆርጂያ በ2017 ፈቅዷል፣ ኮሎራዶ ደግሞ ለብዙ ዓመት ፈቅዶ ቆይቶ በ2024 መልሶ ከልክሏል።

ልጄ እስካሁን አላመለከተም። ዶርም እስካለ ድረስ የትም ማስቀመጥ ስለማይችል፣ መኪናም ስለሌለው፣ በሚቀጥለው ዓመት አፓርታማ ሲገባ እንነጋገርበታለን ተባብለናል። እስከዛው ማታ ከላይብረሪ ሲወጣ ይደውልልኛል፣ እኔም ናይት ሺፍት ስለሆንኩ አነሳለሁ፣ ክፍሉ ገብቶ በሩን ሲቆልፍ ነው የምንዘጋው።