የአጎቴ ዲኤክስ፣ ሁለት ጋራዥና አንድ ኩሽኔታ

ዘንድሮ አምስት ሳምንት አዲስ አበባ ነበርኩ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ከአገር ቤት የተመለሰ ሰው ስለ ሆቴልና ስለ ክትፎ ቤት ይጽፋል። እኔ ግን ከእረፍቴ ጥሩ ድርሻውን ያሳለፍኩት ጋራዥ ውስጥ ነው። ስለዚህ የምመሰክረው ስለ ጋራዥ ነው።

አጎቴ ሐዋሳ ልጁ ጋ ሊሰነብት ሲሄድ መኪናውን ተወልኝ። ቶዮታ ኮሮላ ናት፣ ሰው ሁሉ ዲኤክስ የሚላት። የኋላ ጎማዋ ነው የሚነዳት። ከእኔ ብዙም አታንስም። አሜሪካ ብትሆን ኖሮ ድሮ ተጨፍልቃ ብረት ሆናለች። እዚህ ግን ትከበራለች። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከጥር 2016 ጀምሮ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ያለችውን እያከመ ይነዳል። አጎቴ ቁልፉን ሲያስረክበኝ «አደራ» ብቻ ነው ያለው።

በማግስቱ ጠዋት ኮተቤ ግቢ ውስጥ ሳስነሳት አንድ ድምፅ ሰማሁ። ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር ጨምሮ የሚያንቀጠቅጥ ሰው ያለ ይመስላል። ነዳጅ ስረግጥ ድምፁም አብሮ ይፈጥናል። ሞተሩ ሲሞቅ ቀነስ ይላል። «አሮጌ መኪና ያጉረመርማል» ብዬ ተውኩት። መገናኛ ላይ መብራት ይዞኝ ስቆም ግን ከጎኔ ያለው የሚኒባስ ረዳት አንገቱን አውጥቶ «ወንድም፣ መኪናህ እያለቀሰች ነው» አለኝ።

የአጎቴ መካኒክ ሰፈሩ በኮሪደር ልማት ፈርሶ ቦታ ቀይሯል። የት እንደገባ አላወቅኩም። አጎቴ ጋ ደውዬ ላስጨንቀው አልፈለግኩም። ስለዚህ ያየሁት የመጀመሪያው ጋራዥ ገባሁ። ስሙን አልጽፍም። አንድ ወጣት ኮፈኑን ከፈተና ሁለቴ ነዳጅ ሰጥቶ «ችንጋ ነው» አለ፤ ሞተሩ ዲናሞውንና ፋኑን የሚያዞርበት የጎማ ቀበቶ ማለቱ ነው። ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ በብረት ወደ ውጭ ስቦ ችንጋውን እንደ ክራር ጅማት ወጠረው። የሆነ ነገርም ነፋበት። ስምንት መቶ ብር ከፈልኩ። ደረሰኝ የለም። ከአስር ደቂቃ በላይ አልፈጀም። ድምፁም ጠፋ! «እንዴት ያለ ፈጣን አገልግሎት ነው» ብዬ ለሚስቴ ደውዬ መናገሬ አሁን ያሳፍረኛል።

ሁለት ቀን አልቆየም። እንጦጦን እየወጣሁ የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ወደ ላይ ተሰቀለች። ከኮፈኑ ስር እንፋሎት መጣ። ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። የራዲያተሩን ክዳን ልከፍት እጄን ስሰድ ከኋላዬ ቢጫ ጀሪካን የያዘ ሹፌር «እንዳትነካ!» ብሎ ጮኸብኝ። እግዜር ይስጠው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፤ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንጦጦ ላይ ከዚያም ይቀድማል። ራዲያተር ውስጥ ያለውን ውሃ ሳይፈላ የሚያቆየው የክዳኑ ግፊት ነው። በትኩሱ ከከፈትከው ሁሉም ባንዴ ፈልቶ ፊትህ ላይ ይወጣል። ውሃውን ሰጠኝ፣ ግማሽ ሰዓት እንድጠብቅ አዘዘኝ፣ ሳንቲምም አልተቀበለኝም።

ያን ጊዜ ለአጎቴ ደወልኩ። መካኒኩ አሁን አያት አካባቢ መሆኑን ነገረኝ፣ ስልኩንም ሰጠኝ። መኪና የሚጭን ክሬን አስመጣሁ። አራት ሺህ ብር። ዋጋው ቆንጠጥ ቢያደርግም ሹፌሩ ባለው ሰዓት መጣ፣ መኪናዋንም እንደ እንቁላል ነው የጫናት። ቅር አላለኝም።

አሁን ስለ ሁለተኛው ጋራዥ። ጋራዥ ከተባለ ነው እንግዲህ፦ አራት ቆርቆሮ፣ አንድ ጉድጓድ፣ ግድግዳው ላይ የቅድስት ማርያም ሥዕል። ባለቤቱ ስልሳውን ያለፈ ሰውዬ ነው። ማታ ምንም አልነካም። «ትቀዝቅዝ፣ ጠዋት ና» አለኝ።

ጠዋት ስደርስ ሞተሩን ሳያስነሳ የፋኑን ላይና ታች በሁለት እጁ ይዞ ወዘወዘው። ፋኑ ወዲያ ወዲህ አለ። ከዚያ ውሃ ሞልቶ አስነሳና ረጅም ካቻቢቴ አወጣ። ጫፉን ዲናሞው ላይ አስደግፎ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። ቀጥሎ ውሃውን በሞተሩ ውስጥ የሚያዞረው የውሃ ፖምፓ ላይ። እኔንም አስጠጋኝና «ይስሙ፣ ግን ሻርፕዎን ያውልቁ፣ ፋን አይምርም» አለኝ። ከዲናሞው የሚመጣው ለስላሳ ነው። ከፖምፓው የሚመጣው ግን የድንጋይ ወፍጮ! አሁንም አልበቃውም። አጥፍቶ ችንጋውን ፈታና ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ያለ ችንጋ አስነሳው። ዝም። ጭጭ። ችንጋው የሚያዞረው ነገር መሆኑ ተረጋገጠ ማለት ነው።

«ማነው እንዲህ ያጠበቀው?» አለ ችንጋውን እያየ። ነገርኩት።

«ገደሏት። የታመመውን ኩሽኔታ ችንጋው ወደ ጎን እየጎተተ ጨረሰው።»

እንዲህ ባለች መኪና ፋኑ የራሱ ሞተር የለውም። የተሰቀለው በውሃ ፖምፓው ዘንግ ላይ ነው። ሰው «የፋን ኩሽኔታ» የሚለው የፖምፓው ኩሽኔታ ነው፤ ዘንጉን ይዞ በልስላሴ እንዲዞር የሚያደርገው። እሱ ሲላላ ዘንጉ ይወዛወዛል። ዘንጉ ሲወዛወዝ ውሃ የሚያግደው ጎሚኒ ይበላል። ሰውዬው መስታወት አስገብቶ ከፖምፓው ስር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ አሳየኝ። ከእሷ ወደ ታች የዛገ ውሃ መስመር ሠርቷል። ቀዳዳዋ የተሠራችው ለዚሁ ነው፤ ጎሚኒው ሲያልቅ እንድትናገር። እንጦጦ ላይ ውሃው የት እንደሄደ ገባኝ። ትንሽ ብቆይ ፋኑ ራዲያተሩን ይቆርጠው ነበር።

እኔም ዩቲዩብ ያየሁ ሰው አይደለሁ፣ «ኩሽኔታውን ብቻ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስቀየር አይቻልም?» አልኩ። ይቻላል አለ፣ የሚያደርጉም አሉ። እሱ ግን አያደርገውም። አዲስ ኩሽኔታ ከአሮጌ ጎሚኒ ጋር ሁለት ወር አይቆይም ነው የሚለው። ፖምፓው በሙሉ ይቀየር።

ስለዚህ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ። ከረዳቱ ልጅ ጋር ላከኝ። ልጁ ከታክሲ ስንወርድ የሰጠኝ ምክር አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ እዚያ እንዳያወሩ።» ዝም አልኩ። ግን በጫማዬ አወቁኝ መሰለኝ የመጀመሪያው ሱቅ የጠራው ዋጋ ልጁን አሳቀው። ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እያንዳንዱ ነጋዴ በአፉ ብር ይበል እንጂ በልቡ የሚቆጥረው ዶላር ነው። ያየነው ሦስት ዓይነት ነው። አዲስ የቻይና። ከሌላ መኪና የተፈታ አሮጌ። ሦስተኛው የቶዮታ ካርቶን ውስጥ ያለ፤ ካርቶኑ ኦሪጅናል ነው፣ የውስጡን እግዜር ይወቀው።

ልጁ ካርቶኑን አላየም። እያንዳንዱን ፖምፓ ጆሮው ስር አድርጎ በጣቱ አሽከረከረ፣ ዘንጉንም ወደ ጎን ነቀነቀው። አራት ሱቅ ጥሎ አምስተኛው ላይ «ይሄ» አለ። 4,500 ብር ከጋስኬቱ (ከመገጣጠሚያው ማሸጊያ) ጋር። በቴሌብር ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ ግን ሰውዬው ያየኝ ዕቃውን ልመልስበት የመጣሁ ይመስል ነው። ሶማሌ ተራን እወደዋለሁ፤ የሌለ ዕቃ የለም። ብቻህን ከሄድክ ግን ገንዘብህን ቤት ትተህ ሂድ።

ሥራው ሦስት ሰዓት ወሰደ። ውሃው ተቀዳ፣ ፋኑና ችንጋው የሚዞርበት ፑሌጃ ወጡ፣ አሮጌው ፖምፓ ተፈታ። የተጣበቀውን አሮጌ ጋስኬት በምላጭ ሲፍቅ የነበረው ትዕግሥት ይገርማል። ወደ ራዲያተሩ የቧንቧ ውሃ አልመለሰም፣ ኩላንት አስገዛኝ። አጎቴ እስካሁን ሲሞላ የኖረው የቧንቧ ውሃ መሆኑን ከዝገቱ አወቀ። መጨረሻ ላይ ችንጋውን ወጥሮ መሃሉን በአውራ ጣቴ እንድጫን አደረገኝ። አንድ ሳንቲሜትር ያህል ገባ። «ይሄው ነው ልኩ» አለ። የእጅ ሥራ 1,500 ብር። አሮጌውን ፖምፓ ሳልጠይቀው በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ሞኝ ነኝና የመጀመሪያው ጋራዥ ጋ ተመልሼ ስምንት መቶ ብሬን ጠየቅኩ። ልጁ ረጋ ብሎ «ግን ያኔ ድምፁ ጠፍቶልህ ነበር አይደል?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ከሳምንት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ሽማግሌው መካኒክ ነው። «ችንጋው ትንሽ ሳይላላ አይቀርም፣ ብቅ ይበሉ።» ሄድኩ፣ ሩብ ዙር አስተካከለው፣ ገንዘብ አልነካም አለ። ቡና ልጋብዝህ ብለው ራሱ ጋበዘኝ።

አጎቴ ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ከሐዋሳ ተመለሰ። ቁልፉን ተቀብሎ አስነሳት። ትንሽ አዳመጠ። አጠፋና እንደገና አስነሳት። ከዚያ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ዞረብኝ።

«ምን አድርገህብኝ ነው? ድምፅዋ የለም እኮ። ዓመት ሙሉ ስትነሳ የማውቀው በዚያ ነበር።»