የደረቀ የፍሳሽ ዝቃጭ፣ ኮምፖስት ወይስ ዩሪያ? ለገዢዎች የቀረበ ንጽጽር

እንደ ቃሊቲ ካሉ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች የሚወጣው ዝቃጭ በማድረቂያ መደብ ላይ ተዘርግቶ ውኃው ሲመጥጥ ጥቁር፣ የተሰነጣጠቀና ሽታው የቀነሰ አፈር መሳይ ነገር ይሆናል። ዋጋው ዝቅ ያለ ስለሆነ ከኮምፖስትና ከዩሪያ ጋር እያነጻጸሩ የሚያማርጡ አትክልተኞችና ችግኝ አፍይዎች አሉ።

በናይትሮጅን ይዘት ዩሪያን የሚያህል የለም። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ሲይዝ፣ በአንድ ኩንታል ደረቅ ዝቃጭ ውስጥ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ነው፤ ያም ቢሆን በአንድ ክረምት ሳይሆን ቀስ በቀስ ነው የሚለቀቀው። ስለዚህ ዝቃጩ በነጻ ቢገኝ እንኳ ርካሽ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው የመኪና ጭነቱ ሲሰላ ነው። በሌላ በኩል ዩሪያ ፎስፈረስም ብስባሽም የለውም፤ ዝቃጭ ሁለቱንም ይሰጣል። ፖታሲየም ግን ከውኃው ጋር አብሮ ስለሚሄድ በዝቃጭ ውስጥ አነስተኛ ነው።

ትልቁ ጥያቄ የጤና ነው። የወስፋት እንቁላል በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ በአንድ ግራም ደረቅ ዝቃጭ ውስጥ ያለው የጥገኛ ትል እንቁላል ከአንድ ያነሰ እንዲሆን ይመክራል። ፀሐይ ላይ መድረቁ ብቻ ለዚህ ዋስትና አይሆንም። ከክምሩ ላይ ማንም ሳይዘራው የቲማቲም ችግኝ ብቅ ብሎ ካዩ፣ ከሰው ሆድ ያለፈው ፍሬ እንኳ ሳይሞት ቀርቷልና ክምሩ በቂ ሙቀት አላገኘም ማለት ነው። በደንብ እየተገላበጠ ከ55 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ለቀናት የቆየ ኮምፖስት በዚህ ረገድ ይበልጣል።

ሙቀት የማያስወግደው ደግሞ ከባድ ብረቶችን ነው፤ ከቆዳ ፋብሪካ የሚመጣ ክሮሚየም ወደ መስመሩ ከገባ ከዝቃጩ ጋር እርሻው ላይ ይቀራል። ስዊዘርላንድ ዝቃጭን ለእርሻ ማዋልን ጨርሳ ከልክላለች። ሻጩ የክሮሚየም፣ የካድሚየምና የእርሳስ ምርመራ ውጤት ማሳየት ካልቻለ፣ በእኔ እምነት ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ መግዛት አይገባም።

ምርመራውን ያለፈ ዝቃጭ ለባሕር ዛፍ ችግኝ፣ ለአበባና ለተራቆተ መሬት ከሦስቱ የተሻለ ነው፤ ለበቆሎ ዩሪያን ከኮምፖስት ጋር ማጣመር ይመረጣል፤ ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣ ግን ኮምፖስት ብቻ ይግዙ። ካሮትና ቀይ ሥር የበለጠ ጥንቃቄ ይሻሉ፦ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ደንብ በከፊል ብቻ የታከመ ዝቃጭ በተበተነበት መሬት ላይ ሥራቸው የሚበላ ሰብሎችን ለመሰብሰብ እስከ 38 ወር መጠበቅን ያዛል።