ለታሪክ መጽሐፍ አፍቃሪ፦ ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ያለችው ጠባብ ሱቅ

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ መሃል ያለች አሮጌ መጻሕፍት መሸጫ ናት። ማስታወቂያ የላትም። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። የታሪክ መጽሐፍ ለሚወድ ሰው ግን መሃል ከተማ ላይ ከእሷ የምትሻል አላገኘሁም።

ምክንያቱ አደራደሯ ነው። ሌላ ቦታ ታሪክ ለብቻ፣ ልቦለድ ለብቻ ይቀመጣል። እዚህ መደርደሪያው የሚሄደው በዘመን ነው። ጎንደር፣ ዘመነ መሳፍንት፣ ቴዎድሮስ፣ ዓድዋ፣ የጣሊያን ወረራ። በየዘመኑ የታሪክ መጽሐፉ፣ ልቦለዱና ግለ ታሪኩ ጎን ለጎን ቆመዋል።

መጀመሪያ የገባሁት ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የሚነበብ ፍለጋ ነው። የተክለ ጻድቅ መኩሪያን «ዐፄ ቴዎድሮስና የኢትዮጵያ አንድነት» አነሳሁ። ባለቤቱ ጋሼ ከጎኑ የብርሃኑ ዘሪሁንን «የቴዎድሮስ ዕንባ» መዘው ሰጡኝ። «ልጄ፣ ይኼን አስቀድሚ። ሰውየው አንዴ ልብሽ ከገባ ትልቁ መጽሐፍ አይከብድሽም» አሉ። እውነታቸውን ነው። በ1958 የወጣውን ልቦለድ ጨርሼ ወደ ታሪኩ ስሻገር፣ ከ1847ቱ የደረስጌ ንግሥ እስከ 1860ው መቅደላ ድረስ ገጹ ሳላስበው አለቀ። ሴባስቶፖል የተባለው የቴዎድሮስ መድፍ ጋፋት ላይ እንዴት እንደተሠራ ካነበብኩ ወዲህ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን አምሳያውን በታክሲ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን አዙሬ አየዋለሁ።

ከዓድዋው ረድፍ ደግሞ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያትን የሕይወት ታሪክ አገኘሁ። በልጅነታቸው ዓድዋ ዘምተው፣ ሩሲያ ተምረው፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ ኋላም ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው የተሟገቱ ሰው ናቸው። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ዕድሜ! በትምህርት ቤት ለየብቻ የተማርናቸው ዘመናት እዚህ አንድ ላይ ይገጥማሉ።

ጉድለትም አላት። ከጎንደር በፊት ያለው ረድፍ የሳሳ ነው። ስለ አክሱምና ስለ ዛጉዌ ጥቂት የታሪክ መጻሕፍት አሉ፤ ልቦለድ ግን የለም ማለት ይቻላል። በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የጋሼ ብቻ አይደለም። ደራሲዎቻችን ቴዎድሮስና ምኒልክ ላይ ይረባረባሉ፤ ላሊበላን ደፍሮ የሚጽፍልን እንፈልጋለን።

ዋጋ አልተጻፈም፤ እየጠየቁ ነው። የቆዩ እትሞች ኪስ ይጎዳሉ። አንዳንዱ መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ስለሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ገለጥ ገለጥ አድርጉት። በተለይ ካርታና ፎቶግራፍ ያለበትን ገጽ እዩ፤ ቅጂ ከሆነ ፊቱ ሁሉ ጠቁሮ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ጋሼ ከጠየቃችኋቸው አይደብቁም፣ ዋጋውንም ይቀንሳሉ። ሳትጠይቁ ቢነግሩን ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ፈልጋችሁ ያጣችሁት መጽሐፍ ካለ ርዕሱንና ስልካችሁን ደብተራቸው ላይ ይመዘግባሉ፤ ሲገኝ ይደውላሉ። እኔ የይልማ ደሬሳን የ16ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ያስመዘገብኩት በዚሁ መንገድ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ስለሚጨናነቅ በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ። ያኔ ጋሼ ለወሬም ጊዜ አላቸው።