የጥሪ ድምፅ ማዘዋወሪያ፦ ቪቢ ኬብል፣ ባናና፣ ብላክሆል ወይስ ሉፕባክ?

ውጭ አገር ካለ እንግዳ ጋር በቴሌግራም ወይም በዙም እያወራ ፖድካስት የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ችግር ይገጥመዋል። የእንግዳው ድምፅ በኮምፒውተሩ ስፒከር ይወጣል። የአዘጋጁ ድምፅ በማይክ ይገባል። ሁለቱን በንጹሑ አንድ ላይ መቅዳት ግን በቀላሉ አይገኝም። ብዙዎች ስፒከሩን ከፍ አድርገው በስልክ ይቀዳሉ። እንዲህ የተቀዳ እንግዳ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ያን ሁሉ ደክሞ የሠራ ሰው ሥራው እንዲህ ሲበላሽ ያሳዝነኛል፤ መፍትሔው ቅርብ ነውና።

መፍትሔው ድምፅ አዘዋዋሪ ሶፍትዌር ነው። ኮምፒውተሩ ላይ በአካል የሌለ ስፒከርና በአካል የሌለ ማይክ ይፈጥራል። አንዱ ፕሮግራም ወደዚያ ስፒከር የላከውን ሌላው ከዚያ ማይክ ይቀበላል።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ላስቀድም። እንግዳ የምታገኙት በዙም ብቻ ከሆነ ምንም አትጫኑ። የዙም የዴስክቶፕ ፕሮግራም ጥሪውን እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ሲቀዳ የእያንዳንዱን ተናጋሪ ድምፅ በየራሱ ፋይል ማስቀመጥ ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ምርጫውን ማብራት ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው በቴሌግራምና በሌሎችም ለሚሠሩ፣ ወይም እየተወራ ሙዚቃ ማስገባት ለሚፈልጉ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ምርጫው በቪቢ ኬብልና በቮይስሚተር ባናና መካከል ነው። ሁለቱም የአንድ ድርጅት፣ የቪቢ ኦዲዮ ሥራ ናቸው። ለግል የሚጠቀም ሰው አውርዶ ይሠራበታል፤ ሲወደው የአቅሙን ይከፍላል። ድርጅቶች ግን ፈቃድ መግዛት አለባቸው።

ቪቢ ኬብል አንድ ገመድ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ዚፑን መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ፍቱት። ከዚያ መጫኛው ላይ በቀኝ ተጫኑና በአድሚኒስትሬተር ክፈቱት፤ ሲያልቅ ሪስታርት አድርጉ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ድምፁ ጭልጥ ብሎ ከጠፋ አትደንግጡ። አዲሱ ገመድ ዋናውን የስፒከር ቦታ ይዞ ነው። ከታች ያለችውን የድምፅ ምልክት ተጫኑና ሄድፎናችሁን መልሳችሁ ምረጡ። ሌላው ግራ የሚያጋባው ነገር ስሙ ነው፤ «ኬብል ኢንፑት» የሚገኘው ከማይኮች ሳይሆን ከስፒከሮች ዝርዝር ነው። የገመዱ መግቢያ እሱ ስለሆነ ነው። ከማይኮች መካከል የምታገኙት «ኬብል አውትፑት»ን ነው።

የአንድ ፕሮግራም ድምፅ ወደ ሌላ ማስተላለፍ ብቻ ከሆነ ሥራችሁ ቪቢ ኬብል ይበቃል። እንግዳ፣ ማይክና ሙዚቃ አንድ ላይ ሲመጡ ግን ባናና ነው። ሦስት የእውነተኛ መሣሪያ መግቢያና ሁለት ሰው ሠራሽ መግቢያ አለው። ስክሪኑ መጀመሪያ ሲታይ ያስፈራል። ዋናው ቁም ነገር ግን አንድ ነው፤ እንግዳው የራሱን ድምፅ መልሶ መስማት የለበትም። የራሱ ድምፅ ዘግይቶ ከተመለሰለት መናገር ያቅተዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኤ1 ድምፁ ወደ እውነተኛ መሣሪያ የሚወጣበት ነው፤ ቢ1ና ቢ2 ደግሞ ሌሎች ፕሮግራሞች እንደ ማይክ የሚቀበሏቸው ሰው ሠራሽ መውጫዎች ናቸው። ኤ1 ላይ ሄድፎናችሁን ምረጡ። የቴሌግራምን ስፒከር ወደ ባናና ሁለተኛው ሰው ሠራሽ መግቢያ፣ «ኦክስ» ወደሚባለው ላኩት። የቴሌግራም ማይክ ደግሞ ቢ1 ይሁን። አሁን ቁልፎቹን ተመልከቱ፦ በማይካችሁ ረድፍ ቢ1ንና ቢ2ን አብሩ። በእንግዳው ረድፍ ኤ1ንና ቢ2ን አብሩ፤ ቢ1 ጥፍት ይበል። ሙዚቃው በመጀመሪያው ሰው ሠራሽ መግቢያ ይግባና ሦስቱም ይብሩለት። መቅጃችሁ ከቢ2 ይቅዳ። እናንተ እንግዳውንና ሙዚቃውን ትሰማላችሁ፣ መቅጃው ሁሉን ይይዛል፣ እንግዳው ከራሱ ድምፅ በቀር ሁሉን ይሰማል። ድምፁ ከተንጫጫ ወይም ከተቆራረጠ ደግሞ መጀመሪያ የምታዩት ቁጥር አለ፤ ድምፁ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚናገረው (ሳምፕል ሬት) ነው፤ አንዱ መሣሪያ 44100፣ ሌላው 48000 ላይ እንዳይሆን። ሁሉንም 48000 አድርጉት።

ማክ ላይ ነገሩ የገንዘብና የትዕግሥት ጉዳይ ነው። ብላክሆል ነፃና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ነው። ባለ 2፣ ባለ 16 እና ባለ 64 ቻናል አለው፤ ለእንዲህ ያለ ሥራ ባለ 2ቱ በቂ ነው። ነገር ግን ገመዱን ብቻ ሰጥቷችሁ ዞር ይላል። ድምፁን እናንተም እየሰማችሁ እንዲቀዳ ከማኩ ጋር በሚመጣው የኦዲዮ ሚዲ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ ሄድፎኑንና ብላክሆልን ማጣመር አለባችሁ። ካጣመራችሁ በኋላ የኪቦርዱ የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ አይታዘዝም። ቀላል ነገር ይመስላል፤ በጥሪ መሀል ግን ያናድዳል።

የሚከፈልበት የማክ ፕሮግራም የሆነው ሉፕባክ ይህን ሁሉ ይገላግላል። ፕሮግራሞቹን በስማቸው ትመርጣላችሁ፤ ከማይካችሁ ጋር በመስመር ታገናኛላችሁ፤ አለቀ። ዋጋው 100 ዶላር አካባቢ ነው። ሳይከፍሉ መሞከር ይቻላል፤ 20 ደቂቃ ሲሞላ ግን ድምፁ ላይ ጫጫታ ይጨምርበታል። ፖድካስቱ እንጀራችሁ ከሆነ ግዙት እላለሁ። በወር አንዴ ለምትቀዱ ግን ብላክሆልን አንዴ ተቀምጦ ማስተካከል ይሻላል።

ሊኑክስ ተጠቃሚ ምንም መግዛት የለበትም። ከኡቡንቱ 22.10 ጀምሮ ድምፅን ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም የሚያዘዋውረው ፓይፕዋየር አብሮ ይመጣል። ሄልቩም የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም ጫኑና መስመሮቹን በማውስ እየጎተታችሁ አገናኙ።

የሚከፈልበትን በክራክ ለመጫን የምታስቡ ካላችሁ ተዉት። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ሲጫን የአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ይጠይቃል፤ በማይክ የሚያልፈውን ሁሉ ይሰማል። ምንጩ ከማይታወቅ ፍላሽ የመጣ ነገር ያን ያህል ሥልጣን ሊሰጠው አይገባም። ነፃዎቹም ቢሆኑ ከሠሪዎቹ ገጽ ብቻ ይውረዱ።

ሄድፎኑ ደግሞ ባለ ገመድ ይሁን። ብዙው የብሉቱዝ ሄድፎን የራሱ ማይክ ሥራ ሲጀምር የሚያሰማው ድምፅ ወደ ስልክ ጥራት ይወርዳል፤ ያን ጊዜ የትኛውም ሶፍትዌር አያድናችሁም። 100 ዶላር ሶፍትዌር ላይ ከማውጣታችሁ በፊት በትንሽ ብር ባለ ገመድ ሄድፎን ግዙ።