ማሪስ ኦተር ብቅልና ኢስት ኬንት ጎልዲንግስ ሆፕስ በቤት ጠመቃ ሲፈተኑ
ቢተር የተባለውን መራራ የእንግሊዝ ቢራ ቤቴ ለመጥመቅ ስነሣ ዋና ብቅል አድርጌ የመረጥሁት ማሪስ ኦተር ሲሆን፣ በ1960ዎቹ ካምብሪጅ ውስጥ የተዳቀለው የዚህ ገብስ ብቅል ዋጋው ከሌሎች ፈዛዛ ቀለም ካላቸው ብቅሎች ከፍ ቢልም የሚያስቆጭ አይደለም። ለ20 ሊትር ቢራ የሚሆነውን 4 ኪሎ ሸካራ አድርጌ ፈጭቼ በ67 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቅ ውኃ ለ60 ደቂቃ ስዘፈዝፈው፣ ገና ከምድጃ የወጣ ዳቦ ቅርፊት የሚመስል ሽታ ክፍሉን ሞላው። ክሪስታል የሚባለውን የካራሜል ጣዕም ያለው ብቅል ከ5 በመቶ በላይ አልጨመርሁም፤ ጣፋጭነቱ ቶሎ ይሰለቻል።

ቅሬታዬ በሆፕሱ (እንደ ጌሾ ለቢራው ምሬትና ጠረን በሚሰጠው አበባ) ላይ ነው። ጎልዲንግስ ትኩስ ሲሆን ለስላሳ የአበባና የማር ጠረን ቢኖረውም፣ የደረሰኝ ፓኬት አየር ገብቶበት ስለነበር ቡናማ ሆኖ የቆየ አይብ ይሸት ነበር፤ ስለዚህ አየሩ ተመጥጦ የታሸገውንና የመኸር ዓመቱ የተጻፈበትን ብቻ መግዛት ይሻላል።